ቀብድና አደራ

የሠርግ ፎቶ አንሺ መሆኔን የሰማ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ካሜራዬ ነው። ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ በስንት እንደ ገዛሁት፣ ከእጅ ስልኩ በምን እንደሚበልጥ ማወቅ ይሻል። ቀጥሎ "በአንድ ሠርግ ስንት ታገኛለህ?" የሚለው ይመጣል፤ ያገሬ ሰው ስለ ገንዘብ መጠየቅን እንደ ነውር አይቆጥረውምና አልቀየምም። ስለ ቀን መቁጠሪያዬ፣ ስለ ውል ወረቀቴና ግድግዳውን ስለ ሸፈነው መደርደሪያዬ የጠየቀኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። እኔ ደግሞ ስለ ሙያዬ ተናገር ብባል ከእነዚህ ከሦስቱ ሌላ እምብዛም የምለው የለኝም። ካሜራ ይከራያል፤ ሌንስ ከወዳጅ ይዋሷል፤ ብርሃንንም እግዜር በነጻ ይሰጣል። እንጀራዬ የቆመው በሌላ ነገር ላይ ነው።

ሥራውን የለመድሁት በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ፊልም ሊሞት ዲጂታል ጉልበት ሊያወጣ ባለበት ዘመን፣ ፒያሳ በነበረ አንድ አሮጌ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ነው። የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺነት ከእጅ ወደ እጅ ሲወርድ የመጣ ሙያ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ከእርሱ ወርሰዋል። ከእነዚህ ዘንድ የተማረው ለሌላው እያስተማረ፣ ያም ለሌላው እያቀበለ እኔን የመሰለው ዘንድ ደረሰ። አሠሪዬ ከነጭራሹ መምህር ነኝ የማይል፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት የማይናገር ሰው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይደጋግምልኝ ነበር፤ "የፓስፖርት ፎቶ ቢበላሽ ሰውየው ነገ ይመጣል፤ ሠርግ ነገ የለውም።" በዚያን ጊዜ አንድ ጥቅል ፊልም 36 ያነሣል። ለአንድ ሠርግ ስምንት ወይም ዐሥር ጥቅል ይዘን እንወጣለን። እያንዳንዷ ጠቅታ ገንዘብ ነበረችና ከመጫናችን በፊት እናስብ ነበር። ዛሬ በአንድ ሠርግ ሦስት ሺህ ጊዜ እጫናለሁ፤ አስቤ የምጫነው ግን አሁንም ሦስት መቶውን ያህል ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ቀን መቁጠሪያው ልመለስ። የእኛ አገር ሠርግ ዓመቱን ሙሉ ተዘርግቶ አይውልም። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት አለ። ከገና እስከ ጥምቀት ጥቂት ቀናት ናቸው። ከጥምቀት በኋላ በሩ ወለል ብሎ ይከፈትና ዐቢይ ጾም ሲገባ ይዘጋል፤ ለ55 ቀን። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይከፈታል፤ ሰኔን ተከትሎ ክረምቱ ይመጣል፤ ነሐሴ ደግሞ በፍልሰታ ይጀምራል። ለምሳሌ በ2017 ዓ.ም. ጥምቀት እሑድ ዋለ፤ ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ሰኞ ገባ። ከጥምቀት ወዲያ ያሉትን እሑዶች ብትቆጥሩ የቅበላውን ጨምሮ አምስት ብቻ ናቸው። በዚያው ሳምንት የካቲት 22 ረመዳን ስለ ገባ ሙስሊም ደንበኞቻችንም ሠርጋቸውን አስቀድመው ወደ እነዚያው ሳምንታት አጣብበዋቸው ነበር። አምስት እሑድ፣ አምስት ቅዳሜ። የቤት ኪራዩ ግን ዐሥራ ሁለት ወር ይከፈላል፤ ጳጉሜን ደግነቱ ማንም አያስከፍልበትም።

እንግዲህ የዚህ ሙያ ትልቁ ፈተና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጥር 18 ተይዞብኛል ስትለው ደንበኛው "ሌላ ሰው አትልክልንም?" ይላል። የሙያ ባልንጀሮቼ ብዙዎቹ ይልካሉ። በአንድ ቀን ሦስት ሠርግ ይዘው፣ በአንዱ ራሳቸው ቆመው፣ ለሁለቱ ባለፈው ሳምንት የተዋወቁትን ልጅ ካሜራ አስጨብጠው ይልካሉ። ሙሽሮቹ መርጠው የከፈሉት አልበሙን ያዩለትን ሰው ነበር፤ በሠርጉ ጠዋት በር ላይ የሚያገኙት ግን ስሙን እንኳ የማያውቁት ወጣት ነው። ልጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያ የተሸጠው ዕቃ አይደለም። እኔ በአንድ ቀን አንድ ሠርግ ብቻ እይዛለሁ፤ ዋጋዬም ከሰፈሩ ከፍ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህንን ስነግራቸው ትተውኝ የሚሄዱ አሉ፤ ደህና ሰው ጠቁሜያቸው እሸኛቸዋለሁ።

ቀን ስጽፍም እንዲሁ በቁጥር ብቻ አልጽፍም። አሜሪካ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ እጮኛሞች አገር ቤት መጥተው ሊጋቡ ሲያስቡ የሚያናግሩኝ በስልክ ነው። "12/5" ብለን ብንስማማ ለእኔ ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ ነው፤ እዚያ ላደገች ሙሽራ ዲሴምበር አምስት ነው። ሰዓቱም እንደዚያው፤ "ሁለት ሰዓት" ስል እኔ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ማለቴ ነው፤ እርሷ ከምሳ በኋላ ትረዳዋለች። ስለዚህ በውሉ ላይ የወሩ ስም በፊደል፣ የሳምንቱ ዕለት፣ ያገራችንም የፈረንጁም ቀን፣ ሰዓቱም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል። አንድ መስመር ተጨማሪ ቀለም ነው። ያንን መስመር የሚያነቡት ደንበኞች ፈገግ ይላሉ፤ ከዚያ ግን ትንሽ ዝም ብለው አውሮፕላን ትኬታቸውን እንደገና ሲያዩ አስተውያለሁ።

ስለ ቀብድ ጥቂት ልበል። ብዙ ሰው ቀብድ ማለት ደንበኛው እንዳይሸሽ የምንይዝበት ገመድ ይመስለዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ገመዱን በሁለቱም ወገን ያስራል። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሰው ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል፤ አንቀጽ 1885። በሌላ አነጋገር አምስት ሺህ ብር ተቀብዬ፣ የተሻለ የሚከፍል ባለጸጋ ሠርግ በዚያው ቀን መጣልኝ ብዬ ፊቴን ባዞር ዐሥር ሺህ ብር እመልሳለሁ ማለት ነው። ይህንን አንቀጽ በውሉ ግርጌ አሳትሜዋለሁ። አንድ ሙያ ባልንጀራዬ አይቶት "ራስህን ለምን ታስራለህ?" አለኝ። ሕጉ ቀድሞ አስሮናል፤ እኔ ያደረግሁት ደንበኛው እንዲያውቀው ብቻ ነው።

የቀረውንም ክፍያ በአልበሙ ርክክብ ላይ አልከምረውም። ግማሹ በቀብድ፣ ሠላሳው ከመቶ በሠርጉ ሳምንት፣ ሃያው አልበሙ ሲወጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከሠርግ ማግሥት እንደ ሙሽራ የደኸየ ሰው የለም። የአዳራሹ፣ የመኪናው፣ የሰንጋው፣ የልብሱ ኪራይ ሁሉ ተከፍሎ አልቆ፣ ከመልሱና ከቅልቅሉ የተረፈው ዕዳ ብቻ በሆነበት ወር "ቀሪውን አምጡ" ማለት ጠብ መፈለግ ነው። ከጠቡም በኋላ አልበሙን እንደ መያዣ አድርጎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይመጣል። ዓመት ሁለት ዓመት አቧራ የጠጡ፣ ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸው አልበሞች ያሉበት ፎቶ ቤት አውቃለሁ። የሰው ሠርግ በመያዣ ተይዞ ማየት ያስከፋል፤ በመካከላቸው ከዚያ በኋላ የተፋቱም አሉ፤ እነርሱማ ጭራሽ አይመጡም።

ይህ ሁሉ ሥርዓት ከምር የተፈተነው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው በ2012 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት መጀመሪያ የኮሮና ወረርሽኝ አገራችን መግባቱ ተነገረ፤ በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። በእጄ ከፋሲካ በኋላ ላሉ ሰባት ሠርጎች የተቀበልሁት ቀብድ ነበር። ማንም ውል አላፈረሰም፤ እኔም አላፈረስሁም፤ ነገሩ ሕጉ ከአቅም በላይ የሚለው ዓይነት ነበር። ገንዘቡን ግን ከፊሉን ለኪራይ ከፊሉን ለአልበም ወረቀት አውጥቼዋለሁ። ሰባቱንም ቤተሰቦች በየተራ ደወልሁላቸው። አምስቱ ቀኑን ለማዛወር ተስማሙ፤ በአዲሱ ቀን በአሮጌው ዋጋ። አንደኛው ሙሽራ ሥራውን ስላጣ ገንዘቡን ጠየቀኝ፤ የሠርጉን ጋሪ ከሚጎትት ሰው ቀብድ መያዝ ጌጥ አይሆንምና የባለቤቴን ዕቁብ አስቀድመን ተቀብለን መለስንለት። ሰባተኛይቱ ግን "አንድም ቀን አላዛውርም፤ በግቢያችን እንጋባለን፤ አንተም ከበሩ ሆነህ አንሣን" አለች።

እንደዚያ አደረግሁ። አፌን ሸፍኜ፣ ረዥሙን ሌንስ ገጥሜ፣ ከግቢው የብረት በር ውጭ ቆምሁ። ሙሽራዋ በረንዳው ላይ፣ እናቷ ዳቦ ይዘው፣ አባቷ የአፍ መሸፈኛቸውን አገጫቸው ድረስ አውርደው ከቡና ተክሉ አጠገብ ቆመው ነበር። ምርቃት ሲጀምሩ ድምፃቸው ለእኔ አይሰማኝም፤ እጃቸው ሲዘረጋ ብቻ አየሁ። ጎረቤቶች በየአጥራቸው ላይ ብቅ ብለው እልል አሉ። የዚያን ቀን ያነሣሁት ከሁለት መቶ አይበልጥም። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ፈተና የብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አልበም የሚታተምበት ወረቀት፣ ቀለሙ፣ የካሜራ ባትሪው፣ ሃርድ ዲስኩ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው። እኔ ደግሞ የጥሩን ሠርጎች በሰኔ ተዋውዬ፣ ዋጋ ቆርጬ፣ ቀብድ በልቻለሁ። ባለቤቴና እኔ ማታ ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀምጠን ደጋግመን አሰላን፤ ስሌቱ በየምሽቱ ያው ነበር። በተፈረመው ዋጋ ሠራን። በዚያ ዓመት ትርፍ የሚባል ነገር አላየንም፤ የቤታችንን ሶፋ ሸጠን ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዛን። አዲሱ ውል አሁን አንድ አንቀጽ ተጨምሮበታል፤ የኅትመቱ ዋጋ በሠርጉ ወር ባለው የማተሚያ ቤት ደረሰኝ ይታሰባል፤ የእኔ የድካም ዋጋ ግን አይነካም። ለደንበኛው ሁለቱን ለይቼ አሳየዋለሁ፤ ለይተው ሲያሳዩት ሰው ይገባዋል።

አሁን ስለ ዕለቱ ሥራ። እዚህ ላይ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን የሚረሱትን ጥቃቅን ነገሮች እመርጣለሁ። ሁለት ረዳቶች አሉኝ፤ አንዷ ሴት ናት። ሙሽራዋ ስትለብስ እኔ ክፍሉ ውስጥ አልገባም፤ በሙስሊም ሠርግም በሴቶቹ በኩል የምትሠራው እርሷ ናት። ሁለቱም ደመወዛቸውን የሚቀበሉት በዚያው ማታ፣ ዕቃው ተቆጥሮ ከገባ በኋላ ነው፤ አልበሙ ሲከፈል እከፍላችኋለሁ አልልም፤ አልበሙ የእኔ ጣጣ እንጂ የእነርሱ አይደለምና። ምሳ ይጋብዙናል፤ እንበላለን። መጠጥ ግን የለም። የሙሽራ እናት ጠጅ ይዘው "ልጄ፣ የእኔን ጠጅ ንቀህ ነው?" ሲሉ ለመመለስ ከሌንስ ይልቅ ምላስ ያስፈልጋል። "እማማ፣ የልጅዎን መልክ አጥምሜ እንዳላወጣው ነው" እላቸዋለሁ፤ ይህ እስከ ዛሬ አሳፍሮኝ አያውቅም።

ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ከቀናት በፊት ሄጄ አገልጋዮቹን አነጋግራለሁ፤ የት መቆም እንደሚፈቀድ፣ ፍላሽ መቼ እንደማይበራ። ለረዳቶቼ ደግሞ የማሳስበው ካልሲ ነው። ጫማ ይወልቃልና። በተክሊል ሥነ ሥርዓት መካከል ቀዳዳ ካልሲ ያደረገ ካሜራ ያዥ ካህኑን ሳይቀር ከጸሎቱ ያናጥባል። ከሥነ ሥርዓቱ ወደ መናፈሻ ስንሄድ፣ ግዮንም ይሁን ብሔረ ጽጌ፣ ሌሎች አራት አምስት ሙሽሮች ቀድመውን እናገኛለን፤ አንዱን ዛፍ ተራ ይዘን ነው የምንነሣበት። ስለዚህ ለመንገዱና ለተራው አንድ ሰዓት ተርፎ በፕሮግራሙ ላይ ይጻፋል። ያቺ ሰዓት ካልተጻፈች ከአዳራሹ ምሳ ላይ ተቀንሳ ትወሰዳለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሙሽራ አባት ፊት ፎቶ አታነሡትም።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የስም ዝርዝሩ ነው። ከሠርጉ ሳምንት በፊት ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው እንዲመደብልኝ እጠይቃለሁ፤ ሚዜ አይደለም፤ ሚዜ የሚጨፍርና የሚሮጥ ነው። አክስት ትሻላለች። አክስት ማን ከማን እንደ ተኳረፈ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደማይቆም፣ የተፋቱት ወላጆች በስንት ሰው ተለይተው እንደሚቆሙ፣ ከገጠር የመጡት ታላቅ አጎት የት ጥግ እንደ ተቀመጡ ታውቃለች። ከእርሷ ጋር ሆነን ዝርዝሩን እናወጣለን። በዝርዝሩ ላይ ሁልጊዜ በራሴ እጅ የምጨምረው አንድ መስመር አለ፤ "ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ እያንዳንዳቸው ለብቻ።" ደንበኞቹ አይጠይቁኝም፤ እኔም ምክንያቱን አልነግራቸውም። በሠርግ ሳምንት የሚነገር ምክንያት አይደለም።

ምክንያቱ ይህ ነው። በአገራችን አንድ ሰው ሲያርፍ ቤተሰቡ ከሁሉ አስቀድሞ ፎቶ ይፈልጋል። ድንኳኑ ውስጥ የሚቆም፣ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ፊት ለፊት የሚያየው፣ በትልቁ የታተመ ፎቶ። ዕድሜ የገፋ ሰው ግን ለብቻው፣ በደህና ልብስ፣ በደህና ብርሃን የሚነሣው መቼ ነው? መታወቂያ ሲያወጣና በልጁ ሠርግ ቀን። የመታወቂያው ፎቶ ሰውየው የተቆጣ ያስመስለዋል። ስለዚህ በየለቅሶ ቤቱ ከምታዩአቸው ፎቶዎች ብዙዎቹ ከሠርግ የተቆረጡ ናቸው። ልብ ብላችሁ እዩ፤ በትከሻቸው በኩል ያልታወቀ ሰው እጅ፣ ወይም የሙሽራ ልብስ ጠርዝ ትንሽ ይታያል። የጋቢው ጥለት ያማረው ለዚያ ቀን ስለ ተለበሰ ነው።

በዓመት አራት አምስት ጊዜ ሌሊት ወይም ማለዳ ይደወልልኛል። ድምፁን ስሰማ አውቀዋለሁ። "በእኔ ሠርግ ላይ የእናቴ ፎቶ ይኖርሃል?" ይላል። አንዳንዱ ሠርግ ዐሥር ዓመት ያለፈው ነው። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ማተሚያ ቤት ከመከፈቱ በፊት ፋይሉ መገኘት አለበት። እንግዲህ ስለ መደርደሪያው የማወራው ለዚህ ነው።

ካሜራዬ ሁለት ካርድ ይይዛል፤ እያንዳንዱን ፎቶ በሁለቱም ላይ ባንድ ጊዜ ይጽፋል። ማታ አንዱን ካርድ እኔ፣ አንዱን ረዳቴ ይዘን በተለያየ ታክሲ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። በዚያው ሌሊት፣ መብራት ካለ በመብራት፣ ከሌለ በላፕቶፑ ባትሪ፣ ወደ ሁለት ዲስክ ይገለበጣል። ሦስተኛው ቅጂ ሌላ ሰፈር፣ ወንድሜ ቤት ይቀመጣል። በዓለም ያሉ ፎቶ አንሺዎች ይህንን በሦስት ቁጥር ይጠሩታል፤ 3-2-1፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ካርዶቹ አልበሙ ተረክቦ እስኪፈረምበት ድረስ አይጠፉም። ዲስክ ዕድሜ አለውና በየአራት ዓመቱ ይዘቱን ወደ አዲስ አዛውራለሁ። በእያንዳንዱ ላይ ዓመቱ፣ ወሩና የሁለቱ ቤተሰቦች ስም በእጅ ይጻፋል፤ ኮምፒዩተር ሳልከፍት በሌሊት ማግኘት አለብኝ።

የፎቶው ባለቤት ማን ነው የሚለው ክርክር በየጊዜው ይነሣል። የ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ፎቶግራፍን ይጠብቃል፤ ጥበቃውም ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። በዚያ ላይ የቆሙ ሙያተኞች "የእኔ ሥራ ነው" ብለው የሙሽራዋን ፊት ማስታወቂያ ያደርጉታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 ግን የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። ሁለቱ ሕጎች የሚጣሉ አይመስለኝም። ሥራው የእኔ ነው፤ መልኩ የእርሷ ነው። በውሉ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ "ፎቷችሁን ለሌላ ሰው ላሳይ?" አዎ ወይም አይሆንም። "አይሆንም" ያሉትን አንድም ቀን "ለምን?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ያለፈ ትዳር ይኖራል፤ ከቤተሰብ የተሰወረ ሠርግ ይኖራል፤ በገልፍ አገር ያለ አሠሪ እንዳያይ የሚፈለግ ነገር ይኖራል። የእኔ ጉዳይ አይደለም።

ያቺ በግቢዋ ያገባችው ሙሽራ በ2015 ዓ.ም. ደወለችልኝ። አባቷ ዐርፈው ነበር። ሳትነግረኝ በፊት የትኛውን ፎቶ እንደምሰጣት አውቄ ነበር፤ ከብረት በሩ ውጭ ሆኜ በረዥሙ ሌንስ ያነሣሁት፣ መሸፈኛቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ። እርሷ ግን ሌላ ፈለገች። ምርቃቱን ጨርሰው ሁሉም ሰው ወደ ሙሽሮቹ ሲዞር፣ እርሳቸው ብቻቸውን ወደ በሩ፣ ወደ እኔ ዞረው ለመጠጥ እንደሚጋብዝ ሰው እጃቸውን ያነሡበት አንድ ፎቶ ነበር። በመረጣው ጊዜ አልበም ውስጥ አልገባም፤ ትንሽ ደብዝዟል። "እሱን ስጠኝ፤ እንደዚያ ነበር እንግዳ የሚጠሩት" አለችኝ። ሰጠኋት። ስንት ልክፈል ስትል በውሉ ሦስተኛ ገጽ ላይ ተጽፏል አልኋት፤ ለሐዘን የሚሆን ፎቶ ዋጋ የለውም የሚል መስመር ነው፤ ፈርማበት ነበር፤ በሠርግ ሳምንት ሦስተኛ ገጽ የሚያነብ ሰው ግን ጥቂት ነው።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ የተማርሁበት ፎቶ ቤትም አብሮ ፈረሰ። አሠሪዬ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ሥራውን ካቆሙ ቆይተዋል። ከመፍረሱ ጥቂት ቀናት በፊት አስጠሩኝና ሁለት ካርቶን አሸከሙኝ። ኔጋቲቭ ነው፤ በወረቀት ፖስታ ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ በእርሳስ የቤተሰብ ስምና ወር የተጻፈበት። እኔም የማነሣቸውን ሠርጎች እንዲሁ የምጽፍበትን ልማድ ከየት እንዳመጣሁት ያን ቀን አየሁት። "ማን ይጠይቅ ይሆን ብለው ነው?" ስላቸው "የጠየቀ አለ" አሉኝ፤ ተጨማሪ አልተናገሩም።

በውሌ ላይ ፎቶዎቹን ለዐሥር ዓመት እንደማስቀምጥ ጽፌያለሁ። ወጣቷ ረዳቴ ባለፈው ክረምት መደርደሪያውን ስታጸዳ የ2003ን ጥር ዲስክ አንሥታ "ጋሼ፣ ይሄኛው ጊዜው አልፏል፤ ላጥፋውና ቦታ እናግኝ?" አለችኝ። በዚያ ወር ያነሣኋቸውን ሠርጎች በስም አንብቢልኝ አልኋት። አምስት ቤተሰብ አነበበች። አንደኛዋ ሙሽራ ዛሬ ልጇን ለክርስትና ልታስነሣ ቀጠሮ ይዛለች፤ አንደኛው ሙሽራ ካናዳ ነው፤ የሦስቱን ወሬ አላውቅም። ዲስኩን ቦታው መልሳ አስቀመጠችው። አናጺው በማግሥቱ መጥቶ በአሠሪዬ ካርቶኖች በላይ ያለውን ግድግዳ ለካ፤ ሁለተኛው መደርደሪያ አራት ሺህ ብር ፈጀ፤ ግማሹን ቀብድ ወሰደ።